አጎበሩ ቤት፣ ጠባቂው ማማ ላይ

የምደባ ወሬ በተነሣ ቁጥር በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ጸሎት ይሰማል። «ቆላ ብቻ አይድረሰኝ እንጂ የትም ይሁን!» የሚል። በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ፣ በመኝታ ክፍል፣ በልብስ ማጠቢያው ዙሪያ ሁሉ ይኸው ነው። ሸዋ ሮቢት፣ ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አታዬ የሚሉ ስሞች ሲጠሩ ፊቱ የሚጠቁር እጩ መምህር ጥቂት አይደለም። ምነው ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «ወባ አለዋ! ቆላ እኮ ራሱ በሽታ ነው።»

ይህችን ጽሑፍ የጻፍነው እጩ መምህራን ግማሾቻችን የዚያው የይፋት ቆላ ልጆች ነን። የቀረነው ደግሞ ከደጋው ወርደን በማስተማር ልምምድ ወቅት አካባቢውን ያየን ነን። ወባ የለም ልንል አልተነሣንም። አለ፤ ይገድላልም። የምንከራከረው «ቆላ ራሱ በሽታ ነው» ከሚለው አባባል ጋር ነው። ይህን ያመነ መምህር ቆላ ቢመደብ እንኳ የሚያደርገው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ዝውውር እስኪያገኝ ቀን ይቆጥራል፤ ወይ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «የወባ መከላከያ መንገዶች» ብሎ አምስት ነጥብ ይጽፍና፣ ተማሪዎቹን ያስገለብጥና፣ ሥራዬን ጨረስኩ ይላል። በወሩ የታመመ ልጅ ሲያይ «አስተምሬ ነበር፣ አልሰሙኝም» ማለቱ አይቀርም። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ከጣርማበር አፋፍ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ለመድረስ መኪናው ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጣርማበር ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ሮቢት ሲደርስ ሸሚዙንም ማውለቅ ያምረዋል። የወባ ተውሳክ ደግሞ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል። ፋልሲፓረም የሚባለው ዋነኛው ገዳይ ዓይነት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እድገቱን መጨረስ ይቸግረዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ወባ የማይኖረው ሰዉ ንጹሕ ስለሆነ ወይም ስለተማረ አይደለም፤ ብርዱ ስለሚጠብቀው ነው። ይህን ያህሉን የቆላ ፍርሃት እውነት ነው ብለን እንቀበላለን።

ነገር ግን ብርዱ ዘለዓለማዊ ዘበኛ አይደለም። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. በሀገራችን የደረሰውን የወባ ወረርሽኝ ስንቶቻችን ሰምተናል? በዚያን ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ወረርሽኙ በእጅጉ የበረታው ቆላው ላይ አልነበረም። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው፣ ሕዝቡ ወባን እምብዛም በማያውቅባቸው ቦታዎች ነበር። ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው ሲለይ ትንኟ ወጣች፣ ተውሳኩም ተከተላት፣ ያልለመደው ሰውነት ረገፈ። የወባ ማጥፊያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው ከዚህ እልቂት ማግስት ነው። በየቤቱ ግድግዳ ዲዲቲ ሲረጭ የሚያስታውሱ አያቶች ዛሬም በይፋት አሉ። በቅርቡም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ የደብረ ዘይት አካባቢ የብዙ ዓመታት የሕሙማን መዝገብ ሲመረመር ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባው ወደ ከፍታው እንደሚወጣ ታይቷል። ስለዚህ ደጋ የተመደበ መምህርም «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ጋቢውን ባይከናነብ ይሻላል። ዓየሩ ሲሞቅ የሚከተለው ነገር ለምደባ ደብዳቤ አይገዛም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ፤ ወደ ማሽላው።

መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ይከፈታል። በዚያው ሰሞን በይፋት ቆላ ማሽላው ማሸት ይጀምራል። ክረምቱ ያቆረው ውሃ ገና ሳይደርቅ ፀሐይ ይወጣል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለውም ዋነኛው የወባ ወራት ነው። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይገጥማሉ። ይህን መገጣጠም የትምህርት ዘመን አቆጣጠር ያወጣው ሰው አላሰበበትም፤ ገበሬው ግን በየዓመቱ ይኖርበታል። ማሽላ ካሸተ ጠባቂ ይፈልጋል። ቀን ግሪሳ ወፍ አለ፣ ዝንጀሮና ጦጣ አለ። ሌሊት ከርከሮና ጃርት አለ። እርሻው መሀል በእንጨት የተሠራ ማማ ይቆማል፤ ማማው ላይ ደግሞ ልጅ ይወጣል። ቀን ቀን ወንጭፍ ይዞ የሚጮኸው ትንሹ ነው። ማታ ደግሞ ተለቅ ያለው ወንድም፣ አባት፣ ወይም የተቀጠረ ሰው ይተካል።

የወባ ትንኝ ሥራዋን የምትጀምረው ፀሐይ ሲጠልቅ ነው። በአገራችን ዋነኛዋ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቢየንሲስ የምትባለዋ ደግሞ ቤት ውስጥ ብቻ አትናከስም፤ ደጅም ትናከሳለች። ታዲያ ያ በኬሚካል የተነከረ፣ በመንግሥትና በለጋሾች ገንዘብ የተገዛ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅ የተሰጠ አጎበር የት ነው ያለው? ቤት ነው። ጠባቂውስ? ማማ ላይ ነው። ይህን ሰው «አጎበር ውስጥ ተኛ» ብለን ብናስተምረው ትምህርታችንን ሰምቶ ሲያበቃ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ አለው፤ «ማሽላውን ማን ይጠብቅልኝ?» ለዚህ መልስ የሌለው መምህር አምስቱን ነጥብ ባይጽፍ ይሻለዋል።

የተቀጠረው ጠባቂ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ከደጋው፣ ከመንዝና ከጣርማበር ወገን፣ ለአጨዳና ለቀን ሥራ ብዙ ወጣት ወደ ቆላው ይወርዳል። እነዚህ ልጆች ወባን የለመደ ሰውነት የላቸውም። የሚያድሩት በእርሻ ዳር በላስቲክ ዳስ ውስጥ ነው። አጎበር የሚታደለው በቀበሌ መዝገብ በሰፈረ ቤተሰብ ቁጥር ነው፤ የቀን ሠራተኛው ደግሞ በቆላው ቀበሌ መዝገብ ላይ የለም። ስሙ ያለው በደጋው ቀበሌ ነው፤ እዚያ ደግሞ ወባ የለም ተብሎ አጎበር አይታደልም። እንዲህ ሆኖ በሁለት መዝገብ መሀል ይወድቃል። ሲያተኩሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ መኪና ተሳፍሮ ወደ እናቱ ቤት መውጣት። ደጋ ላይ ያለው ጤና ጣቢያ ወባን በቶሎ የማይጠረጥር ከሆነ ቀን ያልፋል። ፋልሲፓረም ቀን ሲያልፍበት ምን እንደሚያደርግ ለማንም አንነግርም።

«አጎበሩን ለሽንኩርት መሸፈኛና ለጭድ መሸከሚያ ያደርጉታል» የሚለውን ክስ እኛም ሰምተነዋል፤ አልፎ አልፎም አይተነዋል። ነገር ግን ያየነው አብዛኛው የተቀደደና ያረጀ ነው። አንድ አጎበር ሦስት ዓመት ያህል እንዲያገለግል ተብሎ የሚሠራ ነው። በጭቃ ቤት ውስጥ፣ በእንጨት አልጋና በእሳት ጢስ መሀል ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ያልቃል። ያለቀ አጎበር ጭድ ቢሸከም ምን ነውር አለው? የሚያሳፍረው በምትኩ አዲስ አለመምጣቱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጥንቅሽ ትንሽ እንበል። የይፋት አሮጊቶች «ጥንቅሽ አትብሉ፣ የበቆሎ አገዳ አትምጠጡ፣ ወባ ይይዛችኋል» ይላሉ። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይህ ሲነሣ ክፍሉ ሁሉ ይስቃል፤ መምህሩም ይስቃል። እውነት ነው፣ ወባ ከአገዳ አይመጣም፤ ከትንኝ ነው። ግን ቀስ ብለን እናስብ። አገዳው የሚመጠጠው መቼ ነው? በመስከረምና በጥቅምት ነው። ወባው የሚበረታውስ? ያኔውኑ ነው። አሮጊቶቹ ጊዜውን በትክክል አይተውታል፤ የሳቱት ምክንያቱን ነው። ደግሞም ሙሉ በሙሉ ሳቱ ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ የበቆሎ አበባ ዱቄት በያቆረ ውሃ ላይ ሲረግፍ ለትንኟ እጮች ምግብ እንደሚሆንና እጮቹም ፈጥነው እንደሚያድጉ ተረጋግጧል። ከዚያ በኋላ በጎጃም ቡሬ አካባቢ በተደረገ ሌላ ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቦታዎች ወባው በርትቶ ተገኝቷል። እንግዲህ ያ የተሳቀበት ንግግር ግማሽ እውነት ይዞ ኖሯል ማለት ነው። ችግሩ አገዳውን መምጠጡ ላይ ሳይሆን በቆሎው ከቤቱ ደጃፍና ከኩሬው ዳር መቆሙ ላይ ነው። ልጁ አያቱን እንዲንቅ ከምናስተምረው «አያትህ ምን አይታ ይሆን እንዲህ ያለችው?» ብለን ብንጠይቀው የተሻለ የሳይንስ ትምህርት ይወጣዋል።

ማሾና ሽንኩርትም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ከሮቢ ወንዝና ከሌሎቹ ወደ አዋሽ ከሚወርዱት ወንዞች በቦይና በሞተር ፓምፕ ውሃ እየተሳበ በበጋም ይለማል። መስኖ ረኃብን አራቋል፤ ይህን የሚክድ የቆላ ልጅ የለም። የእኛም የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ ከዚያ ነው የመጣው። ግን ውሃው በዚያው ልክ ትንኟን በበጋም እንድትራባ አድርጓታል። በትግራይ በትንንሽ ግድቦች ዙሪያ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት፣ ከግድብ አጠገብ ባሉ መንደሮች የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ካሉት ይልቅ ሰባት እጥፍ ያህል በወባ ተይዘው ተገኝተዋል። ሰባት እጥፍ! ግድብ አይሠራ ለማለት አይደለም። ቦይ ሲቆፈር የሚለማው ሄክታርና የሚመረተው ኩንታል ይቆጠራል፤ በወባ የሚያልፈው ቀን ግን አይቆጠርም። ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ በጀት የለውም። የፈሰሰውን ውሃ የሚያፋስስ ሰው ማነው? ቦዩን በየሳምንቱ አንድ ቀን ማድረቅ ለትንኟ እጭ ሞት ነው፤ ግን ይህ የውሃ ተጠቃሚዎችን ስምምነት ይጠይቃል፤ ስምምነቱን ደግሞ የሚያዘው ሰፊ መሬት ያለው ሰው ነው። ሽንኩርቱን ሸጦ ከተማ ቤት የሠራው እሱ ነው። በቦዩ ዳር የቀረው በእኩል የሚያርሰው ነው። አንዱ ውሃ ለአንዱ ገንዘብ፣ ለሌላው ትኩሳት ሆኖ ይደርሳል።

በዚያው ቦይ ውስጥ ልጆች ይዋኛሉ፣ ልብስ ይታጠባል፣ ከብት ይጠጣል። ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ መንገዱ ይህ ነው። ተውሳኩ ከሰው ሰገራ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣ ተመልሶ ወደ ውሃ ይወጣና የልጁን ቆዳ በስቶ ይገባል። በወንጂ ስኳር እርሻ የታወቀ ችግር ነበር፤ በሸዋ ሮቢትና በሰንበቴ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም መኖሩን አሳይተዋል። ለዚህ በሽታ ዓለም ያወቀው አንድ መፍትሔ የተገኘው በሀገራችን መሆኑን ስንቱ ተማሪ ያውቃል? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጦቹ ሞተው ተንሳፍፈው አየ። ከዚህ ተነሥቶ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን የዓለም ሽልማት ተቀበሉ። እኛን የሚያስደንቀን ሽልማቱ ሳይሆን ማየቱ ነው። ወንዝ ዳር ቆሞ ልብስ አጣቢዎቹን ያየ ስንት ሰው ነበር?

ዛሬ ለተማሪዎች የቢልሃርዚያ ክኒን ይታደላል፤ ጥሩ ነው፣ ይሠራልም። ግን ክኒኑን ጠዋት ውጦ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቦይ የሚገባ ልጅ በወራት ውስጥ መልሶ ይያዛል። ሌላ የሚዋኝበት የለውም፤ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ሽንት ቤት ከሌላቸው ዑደቱ አይበጠስም። «በወንዝ አትዋኙ» የሚል ሥዕል ለጥፎ፣ በአርባ ዲግሪ ጠራራ ልጁ እንዲታዘዝ መጠበቅ ቀልድ ነው።

ከተማ ያለው ሰው ደግሞ «እኔ ከቦይ ርቄያለሁ» እንዳይል አዲስ ነገር መጥቷል። አኖፊለስ ስቴፌንሲ የምትባል፣ ከእስያ በኩል የመጣች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ከዚያ በድሬዳዋና በአዋሽም ታየች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም እሷ መንሥኤ መሆኗ ተረጋግጧል። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ጉድጓድ ይበቃታል። በርሜል ውስጥ ውሃ የሚያጠራቅመው ማነው? ቧንቧው በሳምንት አንዴ የሚመጣለት ነው። ቧንቧው ያልተቋረጠበት ሰው በርሜል አይደረድርም። ስለዚህ የቧንቧ ውሃ ወረፋና የወባ ወረፋ አንድ ሊሆን ነው ማለት ነው።

የሕክምናው ጉዳይም ከዚሁ አይለይም። በመንግሥት ጤና ተቋም የወባ ምርመራና መድኃኒት በነፃ ነው። ጤና ኬላ ላይ በጣት ደም ጠብታ ወዲያው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። አብዛኞቹ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች ነበሩ፤ ማለት በዕድሜም በትምህርትም ከእኛ የማይርቁ። በሀገራችን የሕፃናት ሞት እንዲቀንስ ካደረጉት ውስጥ እነዚህ እህቶቻችን ይገኙበታል። ከአንድ ሺህ በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት እ.ኤ.አ. በ2000 ጥናት 166 ነበሩ፤ በ2016 ጥናት 67 ሆነዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን በዚያው በ2016 ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከከተማ እናቶች 79 ከመቶ ሲሆኑ ከገጠር 20 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የገጠሯ እናት ጤናን ጠልታ ነው? ምጥ የያዛት ሌሊት ነው፤ መንገዱ ወንዝ አለበት፤ ባሏ ማማ ላይ ነው፤ ባጃጅ ቢገኝ እንኳ ገንዘብ ይጠይቃል። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ መድረሱ ግን በነፃ አይደለም።

ጦርነትም አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አታዬ የደረሰባትን፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት ድረስ የመጣውን ጦርነት እዚህ መዘርዘር አያስፈልገንም፤ ከመካከላችን ያኔ በእግሩ የተሰደደ አለ። በክልላችን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። ማይክሮስኮፕ ሲሰረቅ፣ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ሲሰበር፣ የርጭት ቡድን መንገድ ሲዘጋበት ትንኟ አልቆመችም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 በሀገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ተይዘዋል፤ 1,157 ሞተዋል። የሚገርመው ነገር በዚያችው በጥቅምት 20 ቀን፣ በእኛ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ይኸው ድርጅት ግብፅን ከወባ ነፃ የሆነች ሀገር ብሎ አወጀ። የዓባይን ውሃ የምትጠጣው ግብፅ፣ በመስኖ የምትኖረው፣ ሙቀቷ ከይፋት የማያንሰው! ሙቀትና ውሃ ብቻውን ወባ ቢሆን ኖሮ ግብፅ ነበረች ማለቅ የነበረባት። «ቆላ ራሱ በሽታ ነው» ለሚለው ጓደኛችን ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም።

ይህ ሐሳብ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1848 ሩዶልፍ ቪርኾ የሚባል የ26 ዓመት ጀርመናዊ ሐኪም ላይኛው ሲሌዥያ በሚባል ደሃ አገር የገባውን የታይፈስ ወረርሽኝ እንዲያጠና ተላከ። የላኩት ሰዎች የጠበቁት የመድኃኒት ዝርዝር ነበር። እሱ ግን ያመጣላቸው ሪፖርት ትምህርት ይስፋፋ፣ ሕዝቡ ራሱን በራሱ ያስተዳድር፣ ድህነቱ ይወገድ የሚል ነበር። ሹማምንቱ እንዳልወደዱለት መገመት አያቅትም። የሚገርመን ግን ያኔ ዕድሜው ነው፤ እዚህ ካለነው ስንቶቻችን ከጥቂት ዓመት በኋላ 26 እንሞላለን።

«መምህር ሐኪም አይደለም፤ የሚከፈለው ለፊደል ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ልክ ናቸው፤ ክኒን እናድል አላልንም። ነገር ግን በቀበሌው ውስጥ ከሐኪሙም ከሊቀመንበሩም በላይ የሕፃናቱን ነገር በየቀኑ የሚያይ ማነው? ስም የሚጠራው ሰው ነው። በልምምድ በቆየንበት አንድ ትምህርት ቤት የአንድ ክፍል የጥቅምትና የኅዳር ስም መጥሪያ አየን። ከቀሩት ልጆች አብዛኞቹ ከመስኖው ማዶ ካለች አንዲት መንደር የሚመጡ ነበሩ። የክፍሉ ኃላፊ «የዚያ መንደር ልጆች ሰነፎች ናቸው» አለን። ከመንደሯ ሄደን ስናይ ቤቶቹ ከቦዩ ሃምሳ እርምጃ አይርቁም፤ ጤና ኬላው ከወንዝ ማዶ ነው፤ ማሽላውም እስከ በር ድረስ ቆሟል። ስንፍና ያልነው ነገር አድራሻ ነበረው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የልምምድ ወር አንድ ቀላል ነገር እናቀርባለን። ስም መጥሪያው ላይ «ቀ» ብሎ ማለፍ ይቅር። ከጎኑ በእርሳስ አራት ትንንሽ ምልክት እናድርግ፤ ታሞ፣ ማሽላ ሲጠብቅ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ ሌላ። የመንደሩን ስምም እንጻፍ። ልጁን ለብቻው እንጠይቀው፤ በክፍል ፊት አይጠየቅ፣ የቤቱን ችግር ለጓደኞቹ መሳቂያ ማድረግ ይሆናልና። በወሩ መጨረሻ ደምረን አንዱን ቅጂ ለርዕሰ መምህሩ፣ አንዱን ለጤና ኬላዋ እንስጥ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የርጭትና የአጎበር ጥያቄ ይዛ ወረዳ ስትሄድ ባዶ እጇን አትሄድም፤ ወረቀት ይዛ ትሄዳለች። ወረዳው ወረቀት ይወዳል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

«እንዲህ ተደርጎ ምን ሊለወጥ?» የምትሉን አላችሁ። ምናልባት አንድ ቦይ በሳምንት አንድ ቀን ይደርቅ ይሆናል። ምናልባት ለማማ ጠባቂዎችና ለቀን ሠራተኞች ተብሎ ትርፍ አጎበር ይጠየቅ ይሆናል፤ ማማ ላይ አራት እንጨት ተክሎ አጎበር መዘርጋት እኮ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ከእኛው አንዱ አባቱ ሠርቶት አይቷል። ምናልባትም ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ፈተናውን ከኅዳር ወደ ታኅሣሥ መጨረሻ ይገፋው ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ሳንቲም አይጠይቅም።

የመዝገቡን ናሙና ከዚህ ጽሑፍ በታች በቀይ ቀለም ሠርተን ለጥፈነዋል። ወረቀቱን አትቅደዱት፤ ገልብጡት። ለልምምድ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ጀውሃና ሰንበቴ የምትወርዱ እስከ ዓርብ ድረስ ስማችሁን ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ብትሰጡ ማን የትኛውን መንደር እንደሚይዝ አብረን እንከፋፈላለን። ደጋ የደረሳችሁም ኑ፤ ከቆላ ታመው የሚመለሱትን የቀን ሠራተኞች የሚቆጥር ሰው እስካሁን አላገኘንም።